ነፋስን የተቃወመው ቦርድ

የኢርሻድ አስከሬን ዓርብ ማለዳ በግድቡ ውሃ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ በኩል ካለው ደንገል ውስጥ በደረቱ ተንሳፍፎ ተገኘ። አጠገቡ ቆመው የሚቀዝፉበት አንድ ቦርድ አፍንጫውን በደንገሉ ውስጥ ቀብሮ ቆሞ ነበር። ነፋስ የሚባል የለም። ውሃው ተራራውን ገልብጦ፣ አንድም መስመር ሳያዛባ ይዞታል።

ኢንስፔክተር ሀጂራ ከአሰላ ስትደርስ አስከሬኑ ወጥቶ በነጠላ ተሸፍኗል። ቦርዱን ግን ማንም እንዳይነካው ቀድማ በስልክ አስጠንቅቃ ነበር። ሀጂራ አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ የዲክሲስ ገበሬ ልጅ ናት፤ ብዙ አትናገርም።

«ነገሩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አላት ሳጅን ቱሳ። «ሟቹ እትዬ አሰፋች እንግዳ ማረፊያ ያረፈው ቦርድ ሊያወዳድር ነው። የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበር። ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በነፋሱ ወጣ፤ ከኋላ ራሱን ተመታ፤ ሰጠመ። ቦርዱ የአናጢው የጉቱ ነው። ጉቱ ደግሞ ረቡዕ ማታ ተጣልቶታል፣ ሐሙስ ከሰዓት የት እንደነበረ የሚመሰክርለት የለም። በስድስት ሰዓት መኪናው ወደ አሰላ ይወስደዋል።»

«ከሰዓት መሆኑን ማን ነገረህ?»

ቱሳ ግራ ገባው። «ይህ ጎባጣ ቦርድ ለነፋስ የተሠራ ነዋ። ነፋስ ደግሞ እዚህ የሚነሳው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው።»

ሀጂራ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ደንገሉ ውስጥ ገባች። ውሃው ጉልበቷ ድረስ ነው። የቦርዱ አፍንጫ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ተሰክቷል፤ የተሰበረው ደንገል ሁሉ ወደ ጭላሎ ተጋድሟል። የሟቹ መቅዘፊያ እዚያው አጠገቡ ሰምጧል። አወጣችው። ዘንጉ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባና የሚረዝም፣ በብሎን የሚጠበቅ ነው። በዘንጉ ላይ ሁለት የጥፍር ቀለም መስመሮች አሉ፤ አንዱ ቀይ፣ ከእሱ በስንዝር የሚርቀው ነጭ። ብሎኑ የጠበቀው ነጩ ላይ ነው።

«የእግር ገመዱስ?» አለች። ቀዛፊው ሲወድቅ ቦርዱ እንዳያመልጠው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚያስረው ገመድ ማለቷ ነው።

«አልነበረም። መጋዘኑ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።»

ሀጂራ መቅዘፊያውን ይዛ ከደንገሉ ወጣች።

ጉቱ መጋዘኑ ደጃፍ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጁ የአናጢ እጅ ነው። ሀጂራ በኦሮምኛ ሰላም ስትለው ቀና አለ።

«የዲክሲስ ልጅ ነህ?»

«ኤዬ። እርስዎም?»

«እኔም። ለምን ተጣላችሁ?»

«ኢርሻድ የለካበትን ደብተር አሳየኝ። በማለዳ ውሃ ላይ የኔ ቦርድ ዘገየ ብሎ ጽፏል። 'ጎባጣውን በማለዳ ለምን ትለካዋለህ? ለነፋስ ነው የሠራሁት' አልኩት። ጮህኩበት። ጥፋቴ እሱ ነው።» ድምፁ ወረደ። «እሱ ግን ሳቀብኝ። 'ታገስ እንጂ አንተ፣ የነፋሱን ገጽ መቼ ገለበጥክ?' አለኝ።»

ደብተሩ ማረፊያው ግቢ በተተከለው የሟቹ ድንኳን ውስጥ ነበር። ሀጂራ ቆማ አነበበችው። ረጅሙ የሚለው የሌላውን አናጢ የጌትነትን ቦርድ ነው፤ ቀጭን፣ አፍንጫው እንደ ቢላዋ የሾለ፣ ሆዱ ቀጥ ያለ። ጎባጣው የጉቱ ነው፤ ሰፋ ያለ፣ አፍንጫውና ጅራቱ ወደ ላይ የተቀለበሰ። ጽሑፉ አጭር ነው። «ጸጥ ባለ ውሃ፣ ከመነሻው እስከ ግድቡ ግንብ፦ ረጅሙ 14 ደቂቃ። ጎባጣው 17፣ ውሃውን እየገፋ። በነፋስ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጌ፦ ጎባጣው 9፣ ማዕበሉ ላይ ተቀምጦ ይሮጣል። ረጅሙ ሁለት ጊዜ አፍንጫውን ቀበረ፣ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። 13።»

«የተመረጠው ምን ያገኛል?» ስትል መጋዘኑ ውስጥ እትዬ አሰፋችን ጠየቀች። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ናቸው፤ ስድሳ አልፏቸዋል፤ መቀመጥ አይወዱም።

«አሥር ቦርድ አሠራለሁ ብያለሁ። ይህን መጋዘንም ለሥራ እሰጠዋለሁ። ለአንዱ ነው፣ ሁለት አናጢ የማኖርበት ቦታ የለኝም። ወይኔ ልጄ፣ ባልተናገርኩ።»

«ሐሙስ ኢርሻድን አላዩትም?»

«ሰኞና ሐሙስ ይጾማል። ቁርስ የለ ምሳ የለ፤ ማን ይፈልገዋል? ማታ ሲያፈጥር እንዲበላ ቴምርና ሾርባ ድንኳኑ ደጅ አኖርኩለት፣ ሳይነካው አደረ። እህቱ ዘንድ አሰላ ሄዷል አልኩ።»

«ሐሙስ ጠዋት ከማረፊያው ማንም አልወረደም?»

«ምኑን አይቼ? ይኸው ጉቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የወጥ ቤቴን በር ሲቆረቁር ነበር። መዶሻ፣ መዶሻ፣ መዶሻ። ነፋሱ እስኪነሳ ድረስ ራሴን አዞረው። ለደህና ቢሆን እሺ፤ በሩ አሁንም አይዘጋም።»

ጉቱ ከደጃፉ ሆኖ፣ «ማጠፊያው ነው እንጂ በሩ ደህና ነው፣ እትዬ» አለ በቀስታ።

«ዝም በል አንተ፣ ታስረህም ታስተባብላለህ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ጌትነት በረጅሙ ቦርድ አጠገብ ቆሞ ትዕግሥቱ እንዳለቀ ሰው ሰዓቱን ያያል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አሰላ ከተማ ተወልዶ አደገ፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ሠርቷል። በዚህ ግድብ ላይ የመጀመሪያውን ቦርድ ያሳረፈ እሱ ነው፤ ጉቱን ያስተማረውም እሱ ነው።

«ኢርሻድን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ረቡዕ ማታ፣ ከጉቱ ጋር ሲጨቃጨቁ። ሐሙስ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት አሰላ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ሠላሳ ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ስለ ከሰዓት አልጠየቅኩዎትም።»

«ከሰዓት ሞተ እየተባለ፣ ሌላ ስለ ምን ልንገርዎ?»

«ጠዋትስ?»

«ተኝቼ ነበር።»

«ይህን ቦርድዎን ከመቼ ወዲህ አልነኩትም?»

«ከረቡዕ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

ሀጂራ በቦርዱ መሐል ባለው የእጅ መያዣ ጉድጓድ ጣቷን አስገባች። አንዲት የደንገል ቅጠል ተጣብቃ ወጣች። አሁንም አረንጓዴ ናት። በመሐረቧ ጠቀለለቻትና ሌላ ጥያቄ ሳትጠይቅ ሄደች።

ነቢላ፣ የሟቹ ታናሽ እህት፣ በአምስት ሰዓት ገደማ ደረሰች። ከመኪና ወርዳ ወንድሟን አየችው፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ጨበጠች። ሀጂራ አጠገቧ ተቀመጠችና መቅዘፊያውን አሳየቻት።

«ይህን ቀለም ታውቂዋለሽ?»

«የኔ ነው። እኔ ነኝ የቀባሁለት። ቀዩ ለነፋስ፣ ነጩ ለጸጥታ። በነፋስ ጎንበስ ስለሚል መቅዘፊያው ያጥራል፣ በማለዳ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ይረዝማል። ሳያስተካክል ወጥቶ አያውቅም። 'ጫማ እንደመቀያየር ነው' ይለኝ ነበር።»

«ስልኩ ምንድን ነው?»

«መልእክት ልኮልኛል፣ በድምፅ። ረቡዕ ማታ የላከው ነው፤ እዚህ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ዛሬ ጠዋት ነው የገባልኝ። መሞቱን ከነገሩኝ በኋላ።» ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «መክፈት አልቻልኩም።»

«ቶሌ፣ እሺ። አትክፈቺው። ስትችይ ትከፍቺዋለሽ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ቱሳ መጣ። «መኪናው ደርሷል፣ ኢንስፔክተር። ጉቱን ላውጣው?»

«ነፋሱን እየጠበቅኩ ነው» አለች። «ሲነሳ ሁሉንም ደንገሉ ዳር ሰብስብልኝ።»

ነፋሱ እንደ ልማዱ ከጭላሎ ወረደ። መጀመሪያ የገብሱ ማሳ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ደንገሉ አጎነበሰ፣ ከዚያ ውሃው ላይ የነበረው ተራራ ተሰባበረ። ማዕበሉ ረድፍ ረድፍ ሆኖ ወደ ግድቡ ግንብ ሄደ። አምስቱ ዳር ቆሙ፤ እትዬ አሰፋች፣ ነቢላ፣ ጌትነት፣ ካቴናው እንዳለ ጉቱ፣ ክንዱን የያዘው ቱሳ።

ሀጂራ ከአጠገቡ አውድማ ያስመጣችውን እፍኝ ገብስ ከነገለባው ወደ ላይ በተነችው። ፍሬው እግሯ ሥር ወደቀ። ገለባው ተነስቶ ራቀ።

«ጉቱ፣ ምን አየህ?»

«ማዝራት ነው። ፍሬው ይቀራል፣ ገለባው ይሄዳል።»

«ሳጅን፣ ቦርዱን ከደንገሉ አውጥተህ ልቀቀው።»

ቱሳ ጎባጣውን ጎትቶ ለቀቀው። ቦርዱ ለአፍታ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ማንም ሳይቀዝፈው ማዕበሉ ላይ ተቀምጦ ወደ ግድቡ ነጎደ። ሁሉም በዓይናቸው ሸኙት።

«ሰው ፍሬ ነው፣ ቦርድ ገለባ ነው» አለች ሀጂራ። «ኢርሻድ በነፋስ ወጥቶ እዚህ ቢወድቅ፣ እሱ እዚህ ይቀራል፤ ገመድ ያልታሰረ ቦርዱ ግን ግንቡ ሥር ነው የሚገኘው። እኛ ያገኘነው አጠገቡ ነው። ያውም አፍንጫው ወደ ጭላሎ፣ ወደ ነፋሱ መምጫ ተሰክቶ። ነፋስ ቦርድን ሽቅብ አይሰካም። የሰው እጅ ነው የሰካው።»

«የጉቱ እጅ» አለ ጌትነት።

«ጉቱ በነፋስ የሚሠራ ሰው ነው። የነፋስ አደጋ አስመስሎ ማሳየት ቢፈልግ ገመዱን የሟቹ እግር ላይ ያስር ነበር፣ ወይም ቦርዱን ይለቀው ነበር። ገመዱን የረሳ ሰው ጸጥ ባለ ውሃ የለመደ ነው፤ እዚያ ማንም ገመድ አያስርም። የእርስዎ ቦርድ የገመድ ማሰሪያ እንኳ የለውም።»

ጌትነት ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሀጂራ መቅዘፊያውን አነሳች።

«ሁለተኛ። ይህ ነጩ መስመር ላይ ጠብቋል። ነጩ ለማለዳ ነው፤ የሐሙስ ማፍጠሪያውም ሳይነካ አድሯል። ስለዚህ ኢርሻድ የሞተው ሐሙስ ከሰዓት ሳይሆን ሐሙስ ማለዳ ነው፤ የወጣበትም ጎባጣው ሳይሆን ረጅሙ ነው። ይህ ቅጠል ማንም አልነካውም ከተባለው ከረጅሙ ቦርድ መያዣ ውስጥ ወጣ። ቦርዱ የመጣበትን ቦታ ያውቃል፤ ደንገል ከዚህ ሌላ የለም። ገዳዩ ረጅሙን ወደ መጋዘን መለሰ፣ ጎባጣውን አምጥቶ ሰካ። መቅዘፊያውን ማሳጠር ረሳ።»

«ጠዋት ጉቱ በር ይጠግን ነበር» አሉ እትዬ አሰፋች ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ። «እኔው ነኝ የሰማሁት።»

«ለዚህ ነው ሰዓቱ መዛወር የነበረበት። ከሰዓት ጉቱ ብቻውን ነው፤ ጌትነት ሠላሳ ምስክር አለው። ሠላሳውንም ሳልጠይቀው ጠራልኝ። ለጠዋት ግን አንድም ሰው የለውም።»

«የጥፍር ቀለምና ቅጠል» አለ ጌትነት። «በዚህ ሰው ይታሰራል?»

ያኔ ነቢላ ስልኳን ወደ ፊት ዘረጋች። ማንም አልጠየቃትም። ጣቷ ሁለት ጊዜ ተሳሳተና በሦስተኛው ተጫነው። የኢርሻድ ድምፅ ከነፋሱ ጋር እየታገለ ወጣ።

«ነቢላዬ፣ ጨረስኩ። ስድስት ቀን አወዳድሬ የገባኝ ሁለቱ እንደማይወዳደሩ ነው። እስከ አምስት ሰዓት የጌትነትን የሚያህል የለም። ነፋስ ከመጣ የጉቱ ነው። እትዬ አሰፋች አምስት አምስት ያሠሩ፣ መጋዘኑንም ይካፈሉት፣ እላቸዋለሁ፤ እምቢ ካሉ እለምናቸዋለሁ። ነገ ሐሙስ ማለዳ ረጅሙን አንዴ ልውጣበትና ለጌትነት ራሴ እነግረዋለሁ። ሰሞኑን ፊቱ ጠቁሯል፣ ደስ ይበለው።»

ድምፁ ቆመ። እትዬ አሰፋች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጌትነት ውሃውን ያያል።

«'የእትዬ እንግዶች ከሰዓት ነው የሚወጡት፣ ለከሰዓት የጉቱ ይሻላል' አለኝ» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ጋ፣ ቦርዱ ላይ ቆሞ። እኔ ውሃው ውስጥ ነበርኩ፣ መቅዘፊያዬን ይዤ። ጉቱ እኮ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ኢርሻድ ሌላም ሊል ነበር፤ 'ለማለዳ ደግሞ' ብሎ ጀምሯል። ዞር ብሎ ተራራውን እያየ ነበር። አላስጨረስኩትም።»

«አላስጨረስከውም» አለች ሀጂራ። አንቱታው ቀርቷል።

ቱሳ የጉቱን ካቴና ፈታ፤ ብረቱ ሳይቀዘቅዝ የጌትነት እጅ ላይ ዋለ። ጉቱ የታሰረበትን ቦታ እያሸ ወደ ነቢላ አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ተመለሰ። ወደ መጋዘኑ ሄዶ የእግር ገመዱን ከሚስማሩ አወረደና በእጁ ይዞ ቦርዱን ሊያመጣ ወደ ግድቡ መንገድ ጀመረ።

ጌትነት መኪናው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ነቢላ ዞረ፣ ዓይኗን ግን አላየም።

«ሁለታችንንም ነው ያለው?» አለ።

ቱሳ ክንዱን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባው። ከታች ጎባጣው ቦርድ የግንቡን ድንጋይ እየመታ፣ እየተመለሰ፣ እየመታ ይሰማል።