የእሑዱ ጨርቅ

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የሱቋን በር ግማሹን ብቻ ከፈተችው፤ ለአየር እንጂ ለደንበኛ አልነበረም። ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል አባቷ ትናንት ከስታዲየም በገቡበት ቱታ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ፊሽካቸው እንኳ ከአንገታቸው አልወረደም።

«አባዬ፣ ሻዩ ቀዘቀዘኮ። ልቀይርልዎት?»

 ከገቡ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አሥራ አምስት ዓመት አሰልጣኝ ሆነው ስንቴ ተሸንፈው ገብተዋል፤ ሲሸነፉ ይራገማሉ፣ ዳኛውን ያማሉ፣ ከዚያ «እራት የለም እንዴ?» ይላሉ። እንዲህ ዝም ሲሉ ግን አይታቸው አታውቅም።

የሆነውንማ ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። ክለቡ ወደ ላይኛው ሊግ ለማለፍ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሰባኛው ደቂቃ ላይ አንድ ለዜሮ እየመራ ሳለ፣ አባቷ አጥቂውን ዘጠኝ ቁጥርን አስወጥተው አምስተኛ ተከላካይ አስገቡ። ከዚሁ ባላጋራ ጋር በተደረገው የመጀመሪያው ጨዋታም ይህንኑ አድርገው ያለቀለትን ጨዋታ አንድ እኩል ወጥተዋል። ትናንት ግን ሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ገባ፤ በባከነ ሰዓት ሁለተኛው ተከተለ። እሷ ስታዲየም አትገባም፤ ሁሉንም የሰማችው ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ካለው ሬዲዮ ነው።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት በግማሹ በር አንገቱን አስገባ። «የሱሪዬ ዚፕ ደርሷል?»

«አልደረሰም።»

«ግድ የለም፣ እኛም አልደረስንም።» ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ራሱን ያደከመው ይመስል፣ ግንባሩን አሸት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባትሽን ጠይቂልኝ፤ ዘጠኝን ለምን? እሱን ብቻ ይንገሩኝና እተኛለሁ» ብሎ ሄደ።

ሬዲዮውን ከፈተች፤ የሚደውለው ሁሉ ያንኑ ይጠይቃል። ዘጋችው።

እሷ ደግሞ ዛሬ ሌላ ቀጠሮ ነበራት። አሥር ሰዓት ላይ ሠዓሊው መጥቶ ከአባቷ ፊት ሊቀርብና ለጋብቻ ሊጠይቃት ነው። ሠዓሊው ይሉታል እንጂ ሥራው የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነው። ባለፈው ዓመት የእሷን ሱቅ ስም ሊጽፍ መሰላል ላይ ወጥቶ ሳለ ምስማር ሱሪውን ተረተረው። ሱሪው እስኪሰፋ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ስለ ኳስ ለፈለፈ።

«ቡድናችን እንከን አይወጣለትም። መከራችን አሰልጣኙ ነው! ጃንጥላ ይዞ ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለችው ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፤ «አባቴ ነው።»

ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ጠፋ። ቆይቶ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ሱሪዬን ግን ትመልሽልኛለሽ አይደል?» አለ።

ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ ዓመቱን ሙሉ ከፊቷ አልጠፋም።

ረፋዱ ላይ የአባቷን ልብስ ልታጥብ ቦርሳቸውን ከፈተች። ከጫማውና ከፎጣው ሥር በጥንቃቄ የተጣጠፈ ነጭ ጨርቅ ወጣ። ብትዘረጋው ከስፌት መኪናው እስከ በሩ ደረሰ። በቀይ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል፦

«ዛሬም ፈራህ!»

በመጀመሪያ ያወቀችው ፊደሉን አይደለም፤ ስፌቱን ነው። ላይና ታች የሆኑ ሁለት ጨርቆች በድርብ ስፌት ተጋጥመዋል፤ ጠርዙ ላይ ለገመድ ማሰሪያ ስምንት ቀለበት አለ። ሐሙስ ዕለት ሠዓሊው አምጥቶ «ነፋስ እንዳይቀደው አጠንክሪልኝ» ያላት ጨርቅ ነው። «ምን ሊጻፍበት ነው?» ስትለው «ለእሑድ ነው» ብሎ ዓይኑን ወደ ሬዲዮው አሸሸ። እሷም ለአባቷ ቡድን መስሏት፣ ክሩን ድርብ አድርጋ ሰፋችው።

የባሰው ነገር ዘግይቶ ገባት። አባቷ የሚለብሱትን ሁሉ የምትሰፋው እሷ ናት። ስፌቷን ከሺህ መሃል ይለዩታል። ዝም ያሉት በኳሱ አልነበረም ማለት ነው።

እስከ ጓዳው በር ሄዳ ተመለሰች። «አላወቅሁም» ብትል፣ «ማን አሰፋሽ?» ይሏታል። «የሚያገባኝ ሰው» ልትል ነው?

አሥር ሰዓት ላይ ሠዓሊው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በሩ ላይ አቆመችው።

«ጥፍርህ ሥር ቀይ ቀለም አለ።»

እጁን አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ አየ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«እዚህ ምን አመጣው?»

«ጨዋታው ሲያልቅ ላያቸው ላይ ጥላችሁት መሆን አለበት። አጣጥፈው አመጡት። በእኔ እጅ ነው ያሰፋኸው! እኔም አብሬ የሰደብኳቸው መስሏቸዋል።»

«የጣልነው እኛ... እኔ አልነበርኩም። ዘጠኝን ካላስወጡ አይገለጥም ተባብለን ነበር። አያስወጡም ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው።»

«ቅዳሜ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሻይ ጠጥተሃል። ያኔ አፍ አልነበረህም?»

«እንዳላጣሽ ፈራሁ።»

«ፈራህ?»

ሁለቱም ጨርቁን አዩት። 

«ሂድ በቃ» አለችው በደከመ ድምፅ። «ዛሬ ስለ እኔ የሚጠየቅ ነገር የለም።»

«ስለ አንቺ አልጠይቅም። እሳቸውን ሳላናግር ግን አልሄድም።»

በጎኗ አልፎ ገባ። አባቷ ፊት ቆሞ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

«ጋሼ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅዎ ምን እንደሚጻፍበት አታውቅም። ሰፍታ የሰጠችኝ ባዶውን ጨርቅ ነው።»

አባቷ ቀና አሉ። ያዩት ግን እሱን አይደለም፤ በሩ ላይ የቆመችውን ልጃቸውን ነው።

«አላወቅሽም?»

«አላወቅሁም፣ አባዬ።»

«እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ... ልጄም ከእነሱ ጋር ነች እያልኩ...» አልጨረሱትም። ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ትከሻቸው አብሮ የወረደ መሰለ። ከዚያ ወደ ሠዓሊው ዞሩ።

«ጨርቅ ላይ አንተ ብለኸኝ፣ ፊቴ ስትቆም ጋሼ?»

«ቦታው ጠቦኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ውሸታም። ‹ፈሩ› ብትል ያጥር ነበር። ቁጭ በል! አንቺ፣ የቁልፍ ቆርቆሮሽን አምጪልኝ።»

የሸሚዝ ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። ጥቁሮቹ ባላጋራ፣ ነጮቹ የእሳቸው ልጆች፣ አንዲት ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ደግሞ ዘጠኝ ቁጥር ሆነች።

«ደክሞት ነበር» አሉ አባቷ። «እግሩን ሲጎትት አላየህም?»

«ይጎትት! ቆሞም ቢሆን እኮ ሁለት ሰው ይይዝልን ነበር።» ሠዓሊው የካፖርቱን ቁልፍ አነሳ፤ አጠገቧ የነበሩትን ሁለት ጥቁር ቁልፎች ወደ ነጮቹ ገፋ። «እሱ ሲወጣ እነዚህ ሁለቱ ሥራ ፈቱ። ሁለቱም ወደ እኛ መጡ። ሁለተኛውን ማን አገባው? ይኸኛው!»

አባቷ ቁልፎቹን ሲያዩ ቆዩ። የካፖርቱን ቁልፍ ከእጁ ተቀብለው ቦታዋ መለሷት፤ ጥቁሮቹንም መለሱ።

«ልክ ነህ» አሉ። «ፈርቻለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቄ ሃያ ደቂቃ ሲቀረኝ፣ ያለኝን ይዤ ልደበቅ አልኩ።» ቁልፎቹን ወደ ቆርቆሮው ሰበሰቡና፣ «የሚበላ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አሉ።

ምግቡን ሰጥታቸው ወደ ሱቁ ስትመለስ ሠዓሊውን በሩ ጋ ቆሞ አገኘችው። አልሸኘችውም። የጨርቁን አንድ ጫፍ አነሳች።

«ያዝ» አለችው። «ወጥረህ።»

ምላጯን አውጥታ የመካከለኛውን ስፌት መፍታት ጀመረች። ከፊደሎቹ ወገብ ላይ አንድ በአንድ ትበጥሳለች። ሥራው አያልቅም፤ ክሩ እምቢ እያለ፣ የእሱም ክንድ እየዛለ ሄደ።

«እንዲህ የሚጠነክር ምን ስፌት ነው?» አለ።

«ነፋስ እንዳይቀደው ብለኸኝ ነው።»

ጨርቁን ይበልጥ ወጠረላት።  ስፌቱ ባጠረ ቁጥር ሁለቱ ሳያስቡት እየተቀራረቡ መጡ፤ የላይኛው ጨርቅ በእሱ ክንድ ላይ፣ የታችኛው በእሷ ጉልበት ላይ ተከመረ።

«ገና ይቅር አላልኩህም» አለች ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ።»

«ነገም ላልል እችላለሁ።»

«ነገም መጥቼ እይዝልሻለሁ።»

ከጓዳ የአባቷ ድምፅ፣ አፋቸው ምግብ እንደያዘ፣ ተሰማ። «አንተ ሰውዬ! ለመሆኑ የመጣኸው ለምን ነበር?»

ሠዓሊው ደነገጠ። ጨርቁን እንደወጠረ ፊቷን አየ። እሷ ምላጯን የመጨረሻው ክር ላይ አሳርፋ ነበር።

«ንገራቸው» አለችው። «ዛሬም እንዳትፈራ።»