ጠራጊዋ በሀዲይኛ የነገረችኝ

መንፈስ ታየኝ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚባል ወሬ ሲጀመር ከተቀመጥኩበት ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ዛሬም እሄዳለሁ። ሆሳዕና ውስጥ ብዙ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፣ ያደግኩትም ጸሎት ቤት ነው፣ ስለዚህ ላለማመን አንድ ሳይሆን ሁለት ምክንያት ነበረኝ። ይህንንም የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። 

ጊዜው የደርግ ነው። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የቀበሌ መጋዘን ከሆነ በኋላ፣ ከተለያየ ክፍለ ሀገር የተውጣጣን ስምንት አስተማሪዎች ለአጭር ኮርስ ምሥራቅ ጀርመን ተላክን፣ እኔ እንዴት እንደተመረጥኩ አላውቅም፣ ምናልባት ሴት ጎድላቸው ይሆናል። መሪያችን ጓድ አበራ የሚባል የሀደሮ ሰው ነበር፣ አፉን በከምባትኛ የፈታ፣ ሥራው ግን ካድሬነት ነው። ፓስፖርታችንን ሰብስቦ የያዘው እሱ፣ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ከፍቶ የሚያነበው እሱ። እኔ ስሄድ አባቴ ትንሽ ያስለው ነበር፣ ልቅር ብለው "ሂጂ ልጄ፣ ሳል ሰው አይገድልም" አለኝ፣ እኔም ሄድኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ወሰዱንና የቢራቢሮ አትክልት ቦታ አስጎበኙን። ውጭው በረዶ ነው፣ የእግራችን ጣት ደንዝዟል፣ ውስጡ ግን ሌላ አገር ነው። ትልቅ የመስታወት ቤት፣ ቢራቢሮዎቹ እንዳያመልጡ አንዱን በር ዘግተው ነው ሌላውን የሚከፍቱት፣ ስትገቡ ሙቀቱ ፊታችሁን ይመታችኋል። መነጽሬን እንፋሎት ሸፈነው፣ ጠርጌ ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት፣ እመኑኝ፣ የእኛን ጓሮ እንሰት ነበር። ሙዝ መሆኑን ወዲያው አውቄዋለሁ፣ ግን ሽታው፣ ያ ዝናብ ካባራ በኋላ ከእንሰቱ ሥር የሚወጣው የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ልክ የቤቴ ነበር። መዳፍ የሚያህሉ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ከቅጠል ቅጠል ይዘዋወራሉ፣ እኛም እንደ ልጆች አፋችንን ከፍተን እናያለን።

ከዚያ አንዷ መጥታ ጓድ አበራ ደረት ላይ አረፈች፣ በግራ በኩል፣ የኮቱ ኪስ ላይ።

"እዚህም ይወዱኛል" አለና ሳቀ፣ እኛም መሳቅ ስላለብን ሳቅን። እፍ ብሎ አባረራት፣ ተመለሰች፣ ሌላም ተጨመረች። ጥቂት ቆይቶ ሰባት ስምንት ሆኑ፣ ሁሉም ያችው ኪስ ላይ፣ እኛ ዘንድ አንዲትም የለችም። እኔ መቼም አስተማሪ ነኝ፣ "ቢራቢሮ ጨው ይወዳል፣ ላብዎ ይሆናል" አልኩት። እሱ ግን አሁን በእጁ እየመታ ማባረር ጀምሯል፣ ፊቱም ተለውጧል።

ከኋላዬ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ፣ ሸርር፣ ሸርር። ዞር ስል አንዲት አሮጊት ፈረንጅ፣ ራሷ ላይ ሻሽ ያሰረች፣ የወደቀ ቅጠል ትጠርጋለች። አጠገቤ ስትደርስ መጥረጊያው ቆመ። ቀና ሳትል አባቴ ብቻ በሚጠራኝ የቤት ስም ጠራችኝ፣ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ የእኔና የእሱ ነው። ከዚያ በሀዲይኛ፣ ሚስዮናውያን በሚሰባብሩት ሀዲይኛ እንዳይመስላችሁ፣ አክስቶቼ በሚናገሩት፣ "አባትሽ ይጠራሻል፣ ወረቀቱ ሰውየው ኪስ ውስጥ ነው" አለችኝ።

 ብቻ ራሴን ጓድ አበራ ፊት ቆሜ አገኘሁት።

"ጓድ፣ ኪስዎ ውስጥ የእኔ ወረቀት አለ?"

እጁ ቶሎ ብሎ ኪሱን ሸፈነ። "ማን ነገረሽ?" አለኝ። ልብ በሉ፣ የምን ወረቀት አላለኝም።

"ያቺ ሴትዮ።"

አስተርጓሚያችን ጀርመናዊ ልጅ ነበር፣ ሄዶ ጠየቃትና ግራ ተጋብቶ ተመለሰ። "ምንም አልተናገርኩም ትላለች፣ ምናልባት ሙቀቱ ይሆናል" አለኝ። ሴትዮዋም በገዛ ቋንቋዋ እያጉተመተመች መጥረጓን ቀጠለች። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት። ኪሱን መቅደድ ነበረብኝ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሆሳዕና ስደርስ አባቴ ተቀብሯል። ወንድሜ ማርቆስ በሩ ላይ ተቀበለኝና ሊስመኝ እንኳ አልፈለገም። "ቴሌግራም ላክንልሽ፣ 'አባታችን ጠንቶበታል፣ ይጠራሻል፣ ነይ' ብለን፣ መልስ እንኳ ነፈግሽን" አለኝ። የላኩት ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። አባቴ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖሯል፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቱን ከትራስ ያነሳ ነበር አሉኝ። ዘጠኝ ቀን።

ጓድ አበራን ይህም አልበቃውም። የሂስ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ጓድ አስቴር ከማትታወቅ የውጭ ዜጋ ጋር በምስጢር ተነጋግራለች ብሎ ከሰሰኝ፣ ሺንሺቾ አዛወሩኝ፣ እናቴን በሐዘኗ ጥያት ሄድኩ። ያን ጊዜ በንዴት ታውሬ አላስተዋልኩትም እንጂ፣ ሁሉም ሙቀቱ ነው ሲሉ፣ እሱ ራሱ ካልሰማት ሴትዮዋ መናገሯን በምን አመነ?

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አበራን አገኘሁት። ከሻሸመኔ ስመለስ አውቶቡሱ አዲሎ ከተማ ላይ ቆመ፣ እሱ ከስቶ፣ ሸብቶ ገባ፣ ባዶ የነበረው አጠገቤ ያለው ወንበር ብቻ ነው። አወቀኝ።

"ቴሌግራሙን ለምን ደበቅከኝ?" አልኩት፣ አንቱታውን ትቼ።

"ቡድኑ እንዳይበተን ብዬ ነው። ትእዛዝ ነበር።"

"የማን ትእዛዝ?"

ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ያቺ ጠራጊ ከምባትኛ ከየት ተማረች?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የተናገረችው ሀዲይኛ ነው።"

"ከምባትኛ ነው፣ አስቴር። የእናቴ ከምባትኛ።"

"ምን አለችህ?"

"ላንቺ ያለችሽን አይደለም" አለና ተነሳ፣ "ወራጅ አለ" ብሎ ቤት በሌለበት ሜዳ መሀል ወረደ፣ ሀደሮ ገና ሩቅ ነበር።

ይቅር አላልኩትም። ጸሎት ቤታችን ተከፍቷል፣ በየእሁዱ እሄዳለሁ፣ ስለ ይቅርታ ሲሰበክ መሬት መሬት አያለሁ።

ከዚያ ወዲህ አብረውን ከነበሩት አስተማሪዎች ሁለቱን ፈልጌ ጠየቅኳቸው። አንዷ ምንም አልሰማሁም አለችኝ። ሌላው የወላይታ ሰው ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሒሳብ የሚያስተምር፣ ስልክ ደውዬ ያን ቅዳሜ ሳነሳበት "እባክሽ እህቴ፣ ሁለተኛ ስለዚያች ሴትዮ እንዳትጠይቂኝ" ብሎ ስልኩን ዘጋው። የቀሩትን አልጠየቅኩም።