ወደ ምሥራቅ የወደቀ ጥላ

የንብረት ሬሳ በአዲሱ ሆቴል በር ፊት ለፊት፣ ከአሸዋው ክምር አጠገብ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ኢንስፔክተር ላቀው ከፍኖተ ሰላም ተጠርቶ በማግስቱ ማለዳ ቡሬ ሲደርስ፣ ገዳዩ ተብለው አያ አድማሴ በካቴና ታስረው ነበር። ደሃ ገበሬ ከተገኘ ምርመራ መች ጊዜ ይፈጃል!

ንብረት መሬት ለኪ ነበር። በአሮጌው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ጫፍ ከአሥር ሜትር በላይ ሕንጻም ዛፍም እንዳይቆም ደንቡ ይከለክላል። በዚሁ ደንብ የአያ አድማሴ ባሕር ዛፎች ካቻምና ተጨፍጭፈዋል። የአቶ ክንዱ ሆቴል ግን ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደርብ ሃይ ባይ አላገኘም። ንብረት ሠራተኛ የማይገባበትን የመጋቢት ሚካኤልን ዕለት መርጦ ብቻውን ሊለካው መጣ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጣሪያው ወድቆ ሞቶ ተገኘ።

«በዓልም ቢሆን ሕንጻውን ላይ መጥቼ ነበር፤ እኔው ነኝ ያየሁ» አለ ፎርማኑ የሽዋስ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቁመቱን ሊለካ ጣሪያ ወጣ። አያ አድማሴ እየተሳደቡ ተከተሉት። እሳቸው ሲወርዱ እሱም ቀድሞ የወረደ መስሎኝ የደረጃውን በር ቆልፌ ሄድሁ።»

«ሌላ ቁልፍ የያዘ አለ?»

«ማንም የለ። ያለው አንድ ነው፤ እሱም ከእጄ አይወጣም።»

አያ አድማሴ መሬት መሬት እያዩ መለሱ። «በዚህ ጉልበቴ ጣሪያ ልወጣ? ጠዋት መጥቻለሁ፣ አልዋሽም። ‹ዛፌን ቆርጠህ ይህን ታያለህ?› አልሁት። ‹ዛሬ ይታገሱኝ አያ፣ ይህም ይቆረጣል› አለኝ። ከዚያ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ቅዳሴ ነበርሁ።»

ቄሱም መሰከሩላቸው። ሰውየው የሞተው ጠዋት ነው ከተባለ ግን ቅዳሴው ምን ሊረባቸው?

ላቀው የሟቹን ማስታወሻ ገለጠ። «ዱላ 2፣ ጥላው 2። ሕንጻ፣ ጥላው 19» ይላል። ላቀው በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ በዓቢይ ጾም የቅዳሴውን ሰዓት ለማወቅ ጥላውን በጫማው ሲለካ አድጓል። ደብተሩን ዘግቶ ከሕንጻው ጀርባ ወደ ማረፊያው ሜዳ ሄደ። ዱላው እዚያው ሣሩ ላይ እንደተተከለ ነው፤ ከወዲያ አዲስ ችካል ተመትቷል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ከአሸዋው አጠገብ ሰበሰባቸው። የንብረት ሚስት ካሳነሽም ነበረች።

«አሁን ጠዋት ነው» አለ ላቀው። «የሕንጻው ጥላ የት ነው?»

«እኛው ላይ ነዋ» አለ የሽዋስ።

«ወደ ምዕራብ። ንብረት የጥላውን ጫፍ ያመለከተበት ችካል ግን ከጀርባ፣ በምሥራቅ ነው። ጥላ ወደዚያ የሚወድቀው ከቀትር በኋላ ነው። ዱላና ጥላው እኩል የሚሆኑት፣ የሕንጻውም ጥላ ቁመቱን የሚያህለው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ንብረት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር፤ አያ አድማሴ ያን ጊዜ ቅዳሴ ላይ ናቸው። በጥላ የሚለካ ሰው ቁመት ፍለጋ ጣሪያ አይወጣም፤ ሰው ጠርቶት ነው የወጣው። በሩ ከጠዋት ጀምሮ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ከእጄ አይወጣም ያልኸው አንተ ነህ። ማን ከፈተለት?»

የሽዋስ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «ትርፉ ፎቅ የተሠራው በእኔ ፊርማ ነው። ይፍረስ ከተባለ የምታሰረው እኔ ነኝ። ላይ ጠርቼ ለመንሁት፤ እንቢ ሲለኝ ገፈተርሁት።»

አቶ ክንዱ ከኮቱ ኪስ ደብዳቤ አወጣ። ማረፊያው ለኢንቨስትመንት ተሰጥቷል፤ የከፍታ ገደቡም ቀርቷል ይላል። ላቀው ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበው። ንብረት ከመሞቱ አራት ቀን በፊት የተጻፈ ነው።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አለ የሽዋስ።

«ለአንተ ምን ያደርግልሃል ብዬ።»

ካሳነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ተንሰቀሰቀች። ላቀው በዕውቀቱ አፈረ፤ ያተረፈው ነገር ቢኖር አንዱን ካቴና ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ቁልፉን አውጥቶ የአያ አድማሴን እጅ ፈታ።

ሽማግሌው የቆሰለ አንጓቸውን እያሹ ሕንጻውን ሽቅብ አዩት።

«ጌታው፣ ገደቡ ከቀረ ዛፌን ማን ይተክልልኛል?»