ያዘነበለው ግድግዳ

ኢንስፔክተር ፌምከ ስትደርስ የሽማግሌው የሜይንደርት አስከሬን በገዛ ቤቱ ደጃፍ፣ ድንጋይ ንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አጠገቡ አንድ የአበባ ሸክላ ተሰባብሮ አፈሩ ደረቱ ላይ ተበትኗል። ከላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ የቆጡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከበሩ በላይ ካለው መዘውር ገመድ ተንጠልጥሏል። በጥንታዊቷ የሆርን ከተማ አልጋም ሆነ ቁም ሣጥን የሚወጣውና የሚወርደው በዚህ ገመድ ነው። ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ስለሆነ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው እንኳ ይፈራዋል።

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ የሟቹ ትልቅ ልጅ ባል፣ ቤረንት። «ከቤቱ ፊት ካለው ቦይ ማዶ ነበርኩ። ዮሪንደ ከቆጡ ገፈተረችው። ሲወርድ የመካከለኛውን ፎቅ መስኮት መታና ደፉ ላይ የነበረውን ሸክላ ይዞ ወደቀ።»

ዮሪንደ የሟቹ ትንሿ ልጅ ናት። በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች። ሜይንደርት ቤቱን ለእሷ ሊያወርስ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ገዳይ ከተባለች ግን ቤቱ ለታላቅ እህቷ፣ ለቤረንት ሚስት ለሂለ፣ እሷ ደግሞ ለእስር ቤት ናት።

«ከአባትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?» አለቻት ፌምከ።

«አዎ።»

«በምን?»

ዮሪንደ በሩ አጠገብ የቆመችውን እህቷን ሰረቅ አድርጋ አየች። «አልናገርም።»

ፌምከን ንዴት ያዛት። ለራሱ የማይከራከር ተጠርጣሪ አትወድም፤ እንዲህ ያለው ሰው ወይ ጥፋተኛ ነው ወይ ሌላ ሰው እየሸፈነ ነው።

ወደ ቆጡ ወጣች። በሩ አፍ ላይ የዮሪንደ ልብስ የታጨቀበት ትልቅ ሣጥን በገመዱ ታስሮ ቆሟል። «ገድላ ልትሸሽ ነበራ» አለ ተከትሏት የወጣው ፖሊስ። የፌምከ ሐሳብ ግን ደረጃው ላይ ነበር፤ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ሳሙናም ይሸታል።

ስትወርድ የሟቹን ጎረቤት ወይዘሮ ኔልትየን አገኘቻቸው።

«እማማ፣ ጠዋት የሰሙት ነገር ነበር?»

«ጆሮዬ መቼ ከዳኝና! አባትና ልጅ ቆጡ ላይ ሲጯጯሁ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ሸክላው የተሰበረው ቆይቶ ነው።»

«እዚህ ቤት ደረጃ የሚታጠበው መቼ ነው?»

«እንደ ሁላችንም ቅዳሜ ነዋ። ረቡዕ ደረጃ የሚያጥብማ ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለው።»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ፌምከ የቤቱን ሰዎችና ኔልትየን ከቤቱ ፊት ለፊት ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ቤረንት፣ የት ነው የተወለዱት?»

«ሌሊስታድ። ምን አገናኘው?»

«አዲስ ከተማ ናት። ግድግዳዎቿ ቀጥ ያሉ ናቸው።» ቀና ብላ ቆጡ ላይ ወዳለው ፖሊስ ተጣራች። «ሣጥኑን አውርዱት!»

ሣጥኑ ከቆጡ ወጥቶ በገመዱ ቀስ ብሎ ወረደ። የመካከለኛውን ፎቅ መስኮት ሳይነካ፣ ክንድ ያህል ርቆ አለፈ። የቤረንት ፊት አመድ መሰለ።

«ይህ ቤት ወደ መንገዱ ያዘነበለው አርጅቶ አይደለም» አለች ፌምከ። «የሚወጣና የሚወርድ ዕቃ መስኮት እንዳይሰብር ግንበኞቹ አውቀው ነው ያጎነበሱት። ከቆጡ የወደቀ ሰው ሸክላውን አይነካም፤ የተገፈተረማ ጭራሽ ይርቃል። የዚህ ከተማ ልጅ እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም።»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል» አሉ ኔልትየ። «ያንተስ ማደሩንም አልጠበቀም።»

ፌምከ ቀጠለች። «አቶ ሜይንደርት ከቆጡ በሰላም ወርደዋል። ደረጃው ላይ ያገኟቸው እርስዎ ነዎት፤ እዚያው ገፈተሯቸው። ሬሳቸውን ወደ ደጅ ጎትተው ሸክላውን በመስኮት ጣሉ፤ ከዚያ ጮኹ። ደሙ ግን ደረጃው ላይ ቀረ።»

«ከጮኽኩ ጀምሮ እዚሁ ውጭ ነኝ!» አለ ቤረንት። «ታዲያ ደረጃውን መቼ አጠብኩት?»

«እርስዎማ አላጠቡትም።»

ሁሉም ወደ ሂለ ዞሩ። ሂለ ሳሙና ያቀላቸውን እጆቿን ሽርጧ ሥር ከተተች።

«አዳልጦት ወደቀ አለኝ» አለች ሂለ። «ደሙን ጥረጊ አለኝ፣ ጠረግኩ። በኋላ ዮሪንደ ናት ሲል ሰማሁት።»

«ሰምተሽም ዝም አልሽ» አለች ዮሪንደ።

«ምን ነበረኝ እኔ? አባባ ዕድሜ ልኩን ‹ለሂለም› ብሎ አያውቅም። ሁሉ ነገር ላንቺ ነበር።»

ዮሪንደ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ጠዋት የተጣላነውም በዚሁ ነው። እኔ እሄዳለሁ፣ ቤቱን ለሂለ ስጣት አልኩት። አንቺን ሲሰድብ ነው የጮኽኩበት። የሰደበሽን እንዳትሰሚ ብዬ ነው ለፖሊስም ያልተናገርኩት።»

«ታዲያ ምን አለሽ?»

«በመጨረሻ እሺ አለኝ። የወረደው ሊነግርሽ ነበር።»

ሂለ ባሏን ይዘውት ሲሄዱ ቀና ብላ አላየችውም።