የራስ ምታት ሰልፍ

በላይኛው ድሬ ኮሌጅ ክሊኒክ ጠዋት ጠዋት የሚሰለፈውን ሰው ሁሉ የሚያመው ራሱን ነው። ወንዱንም ሴቱንም፣ አዲስ ገቢውንም ተመራቂውንም። ጓዳ ከበሯ ላይ «ምን ልርዳ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ትንሽ ራሴን አሞኝ ነው።» ተራው የደረሰው አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ሰልፉ ላይ ማንም ማንንም አያይም። ሁሉም ቀና ብሎ ጥላ ጣሪያውን ነው የሚያየው፤ ፀሐይን እየተከተለ ከተማዋን የሚያለብሰው ያ ትልቅ ሸራ ልክ ዛሬ የተዘረጋ ይመስል።

ጓዳ ማሽን ናት። አንድ ወንበርና አንድ በር ያላት ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ስሟም የወጣላት እንግዳ ከማይገባበት የቤት ጓዳ ነው። ወንበሯ ውስጥ ህዋስ አንባቢ የሚባል ነገር አለ፤ በልብስ ላይ አልፎ የሰውነትን ጥቃቅን ህዋሶች የሚያነብ ብርሃን ነው። ማህፀን በር ላይ ካንሰር መሆን ያማረው ህዋስ ካለ ገና ሳይጀምር ይደርስበታል። ጨብጡንም፣ ቂጥኙንም፣ ኤች አይ ቪውንም በዚያው ቁጭ እንዳሉ ይለያል። ልብስ ማውለቅ የለ፣ የሰው እጅ የለ፣ የሰው ዓይን የለ። የሠሯት ሰዎች ሲያስመርቋት ሀፍረትን ከነሥሩ ነቀልነው ብለው አጨበጨቡ። ምስኪኖች! ወንበሩን አስተካከሉ፣ ሰልፉን ግን ማን ያስተካክለው?

እንደ ጓዳ ያሉ ማሽኖች ሁሉን አውቀው አይመጡም፤ እንደ ልጅ ያድጋሉ። የሚጠብቃቸው ባለሙያም አሳዳጊ ነው የሚባለው። የጓዳ አሳዳጊ ትርሲት ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ሳቋ የሚቀድማት፣ ያላገባች ሴት። ጓዳ አፏን የፈታችው በእሷ እጅ ነው። «አቦ» ማለትን፣ ታላቅን «ጋሼ» እና «እትዬ» ብሎ መጥራትን ያስተማረቻት እሷ ናት። ከሠራት ማዕከል የመጣው ትዕዛዝ አጭር ነበር፤ ማሽኗ ማንንም እንዳታሳፍር። ይሄማ ለትርሲት አዲስ ነገር አይደለም፤ እሷም ያደገችው እንደዚያው ነው። ጓዳ የሰው ፊት ታነባለች። የሰውዬው ፊት ከተፈታ ጥሩ ሠራሁ ብላ ትይዘዋለች፤ ከጠቆረ ሁለተኛ አትደግመውም።

ሁሉም ነገር ደህና የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ሉባባ እስክትወድቅ ድረስ።

ሉባባ የጥላ ጣሪያ ጥገና ተማሪ ናት፣ የሰልፉ ቀልደኛ። ሌላው ራሴን ብሎ ሲያጉተመትም እሷ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና «አይ ይቺ ራሴ፣ አንድ ቀን ትገድለኛለች» እያለች ሰዉን ታስቅ ነበር። ያን ዕለት ወርክሾፕ ውስጥ ቆማ ሳለች ደም ፈሰሳትና ወደቀች። ጓደኞቿ በተንሳፋፊ ባጃጅ ወደ ከተማው ሆስፒታል አደረሷት። ሐኪሞቹ ያገኙባት የማህፀን በር ካንሰር ነበር፤ ያውም ከቦታው አልፎ መሄድ የጀመረ። በዚያው ወር ጓዳ አስቀምጣት «ደህና ነሽ እህቴ» ብላ ሸኝታታለች።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ዘምዘም ትርሲትን ቢሯቸው ጠርተው ይህን ነገሯት። ተናግረው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፤ እሳቸው መነጽራቸውን ካወለቁ ነገሩ ከባድ ነው። ማሽኗን ዛሬውኑ እንድትመረምር፣ እስከዚያው ሰልፉን እንደሚበትኑት ነገሯት።

ትርሲት ለሉባባ ማዘን ነበረባት። መጀመሪያ ትዝ ያላት ግን የራሷ ሆድ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ከወር አበባዋ ውጪ ደም ማየት ጀምራለች። ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትናገር? ወዳጇ የነበረው ሰውዬ በጅቡቲ ባቡር ሥራ አግኝቶ ከሄደ ቆይቷል፤ ቤተሰቦቿ ደግሞ ሰውዬ መኖሩንም አያውቁም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቃ፣ በኋላ በር ገብታ፣ እሷም «ራሴን ነው» ብላ ጓዳ ላይ ተቀምጣለች። ጓዳም «ደህና ነሽ እትዬ» ብላታለች። ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር። አሁን ሉባባ ሆስፒታል ተኝታ እሷ ስለራሷ በማሰቧ አፈረች፤ ግን ማሰቡን ማቆም አልቻለችም።

ጓዳ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና ሥራዋን ጀመረች። ብርሃኑ ደህና ነው። ወንበሩ ደህና ነው። ለሙከራ የሚቀመጠውን የታመመ ህዋስ ናሙና ከብርሃኑ ሥር ስታደርገው ጓዳ ዓይኗን ሳታሽ ምን እንደሆነ ነገረቻት። ጤነኛውንም ለየችው። ደጋግማ ሞከረቻት፣ አንዴም አልተሳሳተችም። የማሽኗ ዓይን አልታመመም ማለት ነው። ትርሲት ያለ የሌለ ገመዱን ፈትሻ ሲደክማት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ጓዳ» አለች፣ «ሉባባ ላይ ምን አየሽ?»

ጓዳ በሩን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ጓዳ፣ አንቺን ነው የምጠይቀው።»

«ትንሽ ራሴን አሞኝ ነው እትዬ።»

ትርሲት ሳቋ ሊመጣ ነበር። ራስ እኮ የላትም፤ ወንበርና በር ናት! ከዚያ ማሽኗም እንደ ሰልፈኞቹ መደበቋ እንደሆነ ገባት። የሰበረውን ብርጭቆ ደብቆ የተቀመጠ ልጅ እንደሚለመን ለመነቻት። እንደማትቆጣት ነገረቻት፣ ማንም እንደማይሰማቸው ነገረቻት።

«አላየኋትም» አለች ጓዳ በመጨረሻ። «የሚያፍር ሰው ሲቀመጥ አላየውም። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከዚያ ደህና ነሽ ስል ፊታቸው ይፈታል፣ አመስግነውኝ ይሄዳሉ። ሳያቸው ግን ፊታቸው ይጠቁራል።»

«ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

«ሁሉም ናቸዋ። ራሴን ነው የሚሉኝ እኮ አትይብኝ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ማንንም አላሳፍርም።»

ትርሲት የሚቀጥለውን ጥያቄ ታውቀዋለች፤ መጠየቁን ግን ፈራችው። እጇን ወንበሩ ላይ እያሻሸች ቆየች።

«እኔንስ? እኔን አይተሽኛል?»

«እትዬ፣ አንቺማ ከሁሉም በላይ ነው የምታፍሪው።»

ጉንጯ ሲግል ተሰማት። ብቻዋን ከማሽን ጋር ተቀምጣ ያን ያህል ማፈሯ ራሱ ደግሞ አሳፈራት። ወጥታ ለሲስተር ዘምዘም ስትነግራቸው እሳቸው መጀመሪያ ማመን አቃታቸው። «ማሽኗን ይሉኝታ ያዛት በይኛ!» ብለው ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ወጣት ነርስ ሳሉ መጋረጃ ጋርደው ሴቶችን ሲመረምሩ እሳቸውም ፊታቸውን ዞር ያደርጉ እንደነበር ነገሯት። ለእነሱ ብለው ነበር፤ ይሄኔ ስንቱ አምልጧቸው ይሆናል። እሷን እያዩ አልነበረም ይህን ያወሩት።

ማሽኗን ማረም ከባድ አልሆነም። ማዕከሉ በማግስቱ ዓይን መጨፈኗን ከለከላት። ያላየችውንም አየሁ ማለት አትችልም። አንድ ሕግ ግን ድሮም የነበረ ነው፣ እሱን ማንም አይነካውም፤ ጓዳ ሰው ካልፈቀደላት ሰውነቱን ማንበብ አትችልም። እስከዛሬ ዓይኗን ጨፍና ስለነበር ሕጉን የፈተነው አልነበረም። ከእንግዲህ ግን መመርመር የፈለገ ሰው ለመመርመር ነው የመጣሁት ብሎ በአፉ መናገር አለበት። ክሊኒኩም እስከዛሬ ለተመረመረ ሁሉ በየእጅ ስልኩ መልእክት ላከ። የጓዳ ውጤት የማይታመን እንደነበር፣ ሁሉም ሰው እንደገና መጥቶ እንዲታይ፣ ሴቶቹ በተለይ እንዳይዘገዩ። ይቅርታም ጠየቀ።

ጠዋት ሰልፉ ከወትሮው ረዘመ። ትርሲት በመስኮት ስታየው ልቧ ቀለል አላት፤ መልእክቱን አንብበውታል፣ መጥተዋል። ከዚያ የመጀመሪያዋ ልጅ በሩ ላይ ደረሰች።

«ምን ልርዳ?» አለች ጓዳ።

«ትንሽ ራሴን...»

ጓዳ የራስ ምታት ኪኒን ሰጥታ ሸኘቻት። ምን ታድርግ? የተባለችውን ነው የሰማችው። ቀጣዩም ራሱን ነው፣ ኪኒኑን ይዞ ሄደ። ቀጣይዋም። ልጆቹ ኪኒኑን ጨብጠው ደንገጥ ብለው ይቆማሉ፤ ወንበሩ ላይ ያልተቀመጡት ለምን እንደሆነ ይገባቸዋል፤ ግን ተመልሶ መጠየቅ ከሞት ይከብዳቸዋል። ሲስተር ዘምዘም ወጥተው ተማሪዎቹ የመጡበትን በአፋቸው መናገር እንዳለባቸው ቀስ አድርገው አስረዱ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ ሁሉም ጣሪያውን አየ፣ ሰልፉም ኪኒን እየተቀበለ መሄዱን ቀጠለ።

ሲስተር ተመልሰው ገቡና ትናንት ሉባባን ሊጠይቋት ሄደው እንደነበር ለትርሲት ነገሯት። ገና ከባድ ሕክምና ይጠብቃታል፤ ትድናለች ብሎ የሚደፍር ሐኪም የለም። ሲሰናበቷት እጃቸውን ይዛ «ሲስተር፣ ራሴስ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም በሏቸው» አለቻቸው። ይህን ብላ ልትስቅ ነበር መሰለኝ አሉ ሲስተር።

ትርሲት ተነስታ ወጣች። በኋላ በር አልሄደችም። ሰልፉን ዞራ ከሁሉም ኋላ ቆመች። አሳዳጊዋ ስትሰለፍ አይተው ስለማያውቁ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ጥግ ሰረቅ አድርገው አዩዋት፣ ከኋላዋም አንዲት አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች ልጅ መጥታ ተሰለፈች። የሉባባ የዶርም ጓደኛ ናት። ሰልፉ ትንሽ ትንሽ ሲራመድ ትርሲት ሐሳቧን ብዙ ጊዜ ቀየረች። ማታ ሲስተር ብቻቸውን እያሉ ብታደርገውስ? ሆስፒታል ሄዳ ማንም በማያውቃት ቦታ ብትታይስ? ሁለቱም ይቻላል። ከፊቷ ያለው ልጅ ኪኒኑን ይዞ ሄደ።

«ምን ልርዳ እትዬ?»

አፏ የለመደውን ሊል ተከፈተ።

«ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ነው» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ከወር አበባዬ ውጪ ደም ይፈሰኛል። ለእንትንም... ለአባላዘርም እይኝ። ፈቅጃለሁ።»

ጣሪያውን ሲያይ የነበረ ሰው ሁሉ አሁን እሷን አየ። ጀግንነት የሚሉት ነገር አልተሰማትም። ገበያ መሃል ቀሚሷ የተቀደደ ያህል ነው የተሰማት። ወሬው ቤት ለመድረስ ማታን እንደማይጠብቅ፣ እናቷ ምን ብላ እንደምታያት፣ ይሄ ሁሉ በአንዴ መጣባት። ገብታ ተቀመጠች። ጓዳ በሩን ልትዘጋ ስትል ተይው አለቻት። «የሌላውን ሰው በር ሁሌም ዝጊ፣ የእኔን ግን ዛሬ ተይው።»

ብርሃኑ በልብሷ ላይ አለፈ። ሙቀት የለው፣ ድምፅ የለው።

«አየሁሽ» አለች ጓዳ።

«ንገሪኝ።»

«በሩ ክፍት ነው እኮ እትዬ። ፊትሽ ደግሞ ጠቁሯል።»

«ይጥቆር። ንገሪኝ።»

የጓዳ ድምፅ ዝቅ አለ። ማንም ያላስተማራት ድምፅ ነው።

«ደሙ ክላሚዲያ ከሚባል የአባላዘር በሽታ ነው፤ በመድኃኒት ይጠፋል። ማህፀን በርሽ ላይ ግን የተለወጡ ህዋሶች አሉ። ካንሰር አልሆኑም። ዝም ከተባሉ ይሆናሉ። አሁን ከታከምሽ ትድኛለሽ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሉባባንም ያኔ ባያት እንዲህ እላት ነበር?» አለች።

ትርሲት ወንበሩን ዳበስ አድርጋ ወጣች። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ማንም አልመጣም፣ ማንም አይዞሽ አላላትም። አንድ ሁለቱ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ያፈረችው እንደጠበቀችው ነው፤ ምንም አልቀነሰላትም። እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች መሬት መሬት አየች።

«ምን ልርዳ?» አለች ጓዳ።

ባለአረንጓዴ ሻርፕዋ ልጅ ነበረች። ሻርፗን በጣቷ እየጠቀለለች ቆመች። ከኋላዋ ያሉት መልሰው ጣሪያውን ማየት ጀምረዋል።

«ትንሽ ራሴን...» አለችና አቆመች። አግዳሚው ላይ የተቀመጠችውን ትርሲትን አየቻት፣ ብዙ አየቻት።

«ራሴን አይደለም» አለች።

ጓዳ አስገባቻትና በሩን ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችላት።