ተመልካች ሳይኖር የማይባል ቃል

እኔ በመንፈስም በቡዳም አላምንም፣ እናቴ ቡዳ በላኝ ስትል ሐኪም ቤት የምልክ ደረቅ ሰው ነኝ፣ እህቴ እንዲያውም "አንቺ ሰይጣን ቢመጣብሽ መታወቂያ አሳየኝ ትይዋለሽ" ትለኛለች። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ ደርሶብኝ ነው።

እዚህ ውጭ አገር፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር ኬረር፣ ማለትም ቤት ለቤት አረጋዊ ተንከባካቢ ሆኜ አንዲት በዕድሜ የገፉ ተዋናይት እንከባከብ ነበር፣ ዶሮቲ ልበላቸው። ዕድሜያቸውን በመድረክና በፊልም የጨረሱ ናቸው፣ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ አንዴ ንግሥት፣ አንዴ ገረድ፣ በኋላ በኋላ ደግሞ የሰው አያት ሆነው ይታያሉ። መርሳት ከጀመራቸው ወዲህ የሚጠራቸው ጠፍቶ ነበር፣ ድንገት ግን አንድ ፊልም ላይ አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ትንሽ ሚና ተሰጠቻቸው። ይቺን ካበላሸሁ አለቀልኝ ይሉኝ ስለነበር፣ ሥራዬ ባይሆንም ወረቀቱን ይዤ አስጠናቸው ጀመር።

ታዲያ ሦስቱን ይሉና አራተኛዋ ላይ ዝም። ረስተው አይደለም፣ የድሮ ቲያትር ሰው የመጨረሻዋን ቃል በልምምድ አይላትም አሉኝ፣ የሚሰማት ተመልካች እስኪመጣ ትጠበቃለች፣ አለዚያ ገደ ቢስ ትሆናለች። እኔ ሳቅኩ። ቀረጻው ነገ ሊሆን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በመስኮት እየገባች ነዘነዝኳቸው፣ ነገ ቢጠፋብዎትስ፣ አንዴ ብቻ ይበሏት፣ ማን ይሰማናል ብዬ።

ይሄኔ ከጀርባዬ፣ ከመኝታ ቤቱ፣ የሰው ሳል ተሰማ።

ጎረቤት ነው አልኩ። ቀጥሎ የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ተብሎ እንደሚፈታው ዓይነት። ተነስቼ ገባሁ፣ አልጋው ተነጥፏል፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ሬዲዮው ከሶኬቱ ተነቅሏል። ተመልሼ ስቀመጥ ግን፣ እመኑኝ፣ ሳሉ ሁለት ሦስት ሆነ፣ መንሾካሾክ ተጨመረበት፣ ከዚያ ቲያትር ሊጀመር ሲል መብራት እንደጠፋበት አዳራሽ ሁሉም ባንዴ ጸጥ አለ። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ጸጥታ ነው።

ዶሮቲ ወገባቸውን አቅንተው በትከሻዬ አሻግረው ያያሉ። ይተዉት፣ ይቅር፣ አይበሏት ብዬ እጃቸውን ያዝኩ፣ ያው ሲነዘንዝ የነበረው አፌ።

"ሰው መጥቷል እኮ ልጄ" አሉኝና ተናገሯት።

እንደዚያ ያለ አነጋገር ሰምቼ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ። ጭብጨባ የለም፣ ከኋላዬ ታጣፊ ወንበሮች አንድ ባንድ ሲታጠፉ ብቻ ሰማሁ፣ ተመልካች ጨርሶ ሲነሳ እንደሚሰማው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ያለው አንድ አልጋ ነው።

በማግስቱ ቀረጻው ቦታ ይዣቸው ሄድኩ። ሦስቱን ያለ አንዲት ስህተት አሏቸው፣ አራተኛዋ ላይ አፋቸው ተከፈተ፣ ድምፅ የለም። ዳይሬክተሩ እንደገና አለ፣ ደግሞ እንደገና። በመጨረሻ ፈገግ ብለው "እሷን ትናንት ተናግሬያታለሁ፣ ሰምተዋታል" አሉት። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፣ እኔም በገዛ አፌ ነዝንዤ ቃሏን እንዳስጨረስኳቸው ያኔ ገባኝ።

ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል? ንገሪያቸው እንጂ።"

ምን እንደሚሉ አላውቅም አልኩ። ፈርቼ ነው፣ እንጀራዬንም፣ እብድ መባልንም። ቀና ስል ዶሮቲ የሚያዩት እኔን አልነበረም፣ ከጀርባዬ ላሉ ሰዎች እጃቸውን እያወዛወዙ፣ በልመና ድምፅ፣ "ተዉአት፣ ልጅ ናት" ይሉ ነበር።

ዞር ብዬ አላየሁም። ይኸው ዛሬም ዌምብሊ ሰፈር ያለው ቤቴ ስቀመጥ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ነው።