ያልተቃጠለችው ጎጆ

የጫካ ጠባቂው ዋለ ሞቶ የተገኘው የእጣን ዛፎቹ መሃል፣ በእሾህ ባጠራት የችግኝ መደብ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነው። ከሥሩ ሁለት ችግኞች አረንጓዴ ነበሩ፤ ሌላው ሁሉ ከሰል ሆኗል። ከገንዳ ውሃ ከተማ የመጣችው ኢንስፔክተር ሰገነት አጠገቡ ተቀምጣ ችግኞቹን አየች። እሳት ትልቁን ዛፍ ይምራል፣ ለጋውን ይጨርሳል። ዋለ ይህን ስለሚያውቅ ነው ወደ ችግኞቹ የሮጠው።

የማር ቆራጩ ሙላው እጅ በካቴና ታስሯል። ንብ ሲያጨስ ጫካውን ለኮሰ ተብሎ ነው፤ ሰው ስለሞተም ዕድሜውን እስር ቤት ሊፈጅ ነው።

«ንብ ያጨሰ ሁሉ ከታሰረ እስር ቤቱ አይበቃንም» አለ። «ቀፎዬ ከጫካው በምሥራቅ ነው። ትናንት ክብሪት አልጫርኩም።»

የሰሊጥ እርሻ ባለቤቷ ጥሩአየሁም አልሸሸገችም። «ጫካው ቢመነጠር ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ግን ያልተጫነ ሰሊጥ ደቡብ ላይ ከምሬ እሳት ልጥራ?»

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ጋሽ ለይኩን ናቸው፤ ከዋለ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ጫካውን የጠበቁ። ከሁለቱ ጠባቂዎች ጎጆዎች ሌላ በዚያ ጫካ ጭስ የሚወጣበት ቤት የለም።

«ዋለ የት ሰንብቶ ነበር?» አለቻቸው ሰገነት።

«ገንዳ ውሃ። ወደ ሌላ ቦታ ለመዛወር ብሎ አራት ቀን ቆየ። ነገ ይመጣል ብዬ ነበር።»

«ይፈቀድለት ነበር?»

«እሳት ካልተነሳ። አምና ተነስቶ የጠባቂውን ሁሉ ዝውውር ከለከሉ።»

ሰገነት ከዛፍ ዛፍ እየሄደች ግንዱን በመዳፏ ዳሰሰች። የዋለ ጎጆ ዙሪያዋን በማጭድ ታጭዶ እሳቱ ትቷት አልፏል። በሯ ላይ ያልተፈታ ሻንጣ አለ። ሰገነት ከሻንጣው ወረቀት አውጥታ አነበበች፤ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«እሳት በግንድ ሲያልፍ ከመጣበት ጎን ይልቅ በግንዱ ጀርባ በኩል ከፍ ብሎ ያጠቁራል። እነዚህ ከፍ ብለው የጠቆሩት በምሥራቅ ነው። ስለዚህ እሳቱ የመጣው ከምዕራብ ነው። በምዕራብ ያለው የጋሽ ለይኩን ጎጆ ብቻ ነው።»

«መንገደኛ ሲጃራ ጥሎ ቢሆንስ?» አለች ጥሩአየሁ።

«መንገደኛ የዋለን ደጅ አያጭድም። የሳሩ ቁራጭ ገና ነጭ ነው፤ ከታጨደ ሁለት ቀን አይሞላውም። ዋለ ደግሞ የደረሰው ትናንት ቀትር ነው፤ ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ ወደ ጭሱ ሮጧል። ያጨደው ጫካው ሲቃጠል የዋለ ቤት እንዲተርፍ የፈለገ ሰው ነው። ዋለ እንዲሄድ ያልፈለገ ሰው።»

ጋሽ ለይኩን መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ዳሩን ብቻ እሳት ላስነካ ነበር» አሉ። «ንፋሱ ዞረብኝ። ብቻዬን እዚህ እንዴት ልክረም፣ ልጄ? ከማን ጋር ላውራ?»

ሰገነት ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። «ዝውውሩ ተፈቅዷል። የሁለታችሁም ስም አለበት። አራት ቀን የቆየው ለእርስዎም ሲለምን ነው።»

የሙላው ካቴና ተፈታ። ያንኑ ካቴና ወደ ጋሽ ለይኩን ለመውሰድ ግን ማንም ቶሎ አልተነሳም።

«የዋለ ጎጆ አልተቃጠለም፣ አይደል?» አሉ ሽማግሌው፣ ቀና ሳይሉ።

«አልተቃጠለም» አለች ሰገነት።